መጽሐፍ ያገናኛቸው ሁለት ባለቅኔዎች



በአገራችን ሁለት ወጣቶች ለትዳር የሚተጫጩበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዱን ዘመድ ያጭለታል፤ አንዳንዱ በበዓል ቀን ወይም በሠርግ ቤት አይቶ ይመኛል፤ በከተማ ያደገውም በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ይተዋወቃል። በነዚህ መንገዶች ሁሉ አስቀድሞ የሚታየው መልክ፣ አስቀድሞም የሚሰማው ድምፅ ነው። ከመልክ በፊት ጽሕፈት የታየበት፣ ከድምፅም በፊት ድርሰት የተነበበበት አንድ ጋብቻ በእንግሊዝ አገር ታሪክ ውስጥ እናገኛለን። ሙሽራዪቱ ኤልሣቤጥ ባሬት፣ ሙሽራውም ሮበርት ብራውኒንግ ይባሉ ነበር። ሁለቱም ባለቅኔዎች ነበሩ። በዚህ ንግግር የምንጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አድማጮቻችን ይወቁልን።

ስለ እነዚህ ሰዎች በተነገረ ቍጥር ጐልቶ የሚወሳው ከአባቷ ተደብቀው መጋባታቸውና ከአገር መውጣታቸው ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከዚያ በፊት ያለፈው ሃያ ወር ነው። አንድ ሰው የአንዲትን ሴት መጽሐፍ አንብቦ ወደድሁ ቢል የወደደው መጽሐፉን ነው ወይስ ሴቲቱን? ይህን ጥያቄ አስቀድማ ያነሣችውና እጅግም የፈራችው ራስዋ ኤልሣቤጥ ነበረች።

ኤልሣቤጥ ባሬት በ1806 ተወለደች። ለወላጆቿ ከአሥራ ሁለት ልጆች የመጀመሪያዋ ናት። አባቷ ኤድዋርድ ሞልተን ባሬት ታላቅ ባለጸጋ ሲሆን፣ ሀብቱ የመነጨው በጃማይካ ደሴት ከነበረው የሸንኰራ አገዳ እርሻ ነው። ያን እርሻ ያለሙት ከአፍሪካ በግፍ ተግዘው የተወሰዱ ባሮችና ልጆቻቸው መሆናቸውን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም፤ ልጅቱ በተድላ ተቀምጣ ያነበበቻቸው መጻሕፍት ዋጋ የተከፈለው በእነርሱ ላብ ነውና። እርሷም ይህን ነገር አልዘነጋችውም። ካደገች በኋላ ከጌቶቿ ስላመለጠች አንዲት ጥቁር ሴት የሚናገር ብርቱ ግጥም ጽፋ፣ በአሜሪካ የባርነት ተቃዋሚዎች ያሳትሙት በነበረው መጽሐፍ ላይ አውጥታለች።

ገና በሕፃንነቷ በመጻሕፍት ፍቅር የተያዘች ልጅ ነበረች። ለወንድሟ ከተቀጠረው መምህር ዘንድ አብራ ተቀምጣ ላቲንና ጽርዕ ተማረች፤ ኋላም ብሉይ ኪዳንን በተጻፈበት ቋንቋ ለማንበብ ስትል ዕብራይስጥን ጨመረች። ስለ ማራቶን ጦርነት የደረሰችውን ረጅም ግጥም አባቷ በ1820 በ50 ቅጅ አሳተመላት። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 14 ዓመት ነበር። ስለ አባትየው ጭካኔ ኋላ የምንናገረው ስላለ፣ ሴት ልጅ እንዳትማር በሚከለከልበት ዘመን ለልጁ የመጽሐፍ ቤቱን ከፍቶ፣ በገንዘቡም ድርሰቷን ያሳተመላት እርሱ ራሱ መሆኑን አድማጮቼ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ።

በ15 ዓመቷ ገደማ ሐኪሞች በውል ሊለዩት ያልቻሉት ሕመም ያዛት። ከዚያም ወዲህ ዕድሜዋን በሙሉ ኦፒየም የገባበት መድኃኒት ሳትወስድ መኖር አልቻለችም። በ1838 አየር ለመለወጥ ወደ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ በተላከች ጊዜ፣ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ወንድሟ እንዲያስታምማት ከእርሷ ጋር ቈየ። በ1840 በጀልባ ሲንሸራሸር ሰጥሞ ሞተ። እንዳይለያት የለመነችው እርሷ ነበረችና ጥፋቱን በራስዋ ላይ ቈጠረች። ወደ ሎንዶን ተመልሳ በዊምፖል መንገድ ቍጥር 50 በሚገኘው የአባቷ ቤት፣ ከላይኛው ደርብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ገብታ ደጅ አላይም አለች።

ሐኪሟ ጽርዕ ማንበብ ያደክማታል ብሎ በከለከላት ጊዜ፣ አባቶቻችን አፍላጦን የሚሉትን የፕላቶንን መጽሐፍ ተራ ልብ ወለድ እንዲመስል አድርጋ አስጠርዛ ታነብ እንደ ነበር ወዳጇ ደራሲዋ ሜሪ ራስል ሚትፎርድ ጽፋለች። ሌላው ሰው ልብ ወለዱን በቁም ነገር መጽሐፍ ሸፍኖ ሲያነብ እርሷ ቁም ነገሩን በልብ ወለድ ሸፈነች። በ1844 በሁለት ቅጽ ያወጣችው የግጥም መጽሐፍ ስሟን በእንግሊዝና በአሜሪካ አስጠራው። ከክፍሏ የማትወጣው ሴት ባሕር ማዶ ድረስ ታወቀች።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። ሮበርት ብራውኒንግ በ1812 በሎንዶን ዳርቻ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ባንክ ጸሐፊ ነበር። ይህ ጸሐፊ በወጣትነቱ ሴንት ኪትስ ወደምትባል የምዕራብ ህንድ ደሴት ለእርሻ ሥራ ተልኮ፣ በዚያ ባሮቹ የሚደርስባቸውን መከራ ባየ ጊዜ ስለ ተጸየፈ የሚያገኘውን ሀብት ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ቀሪ ዘመኑንም በባንክ ጠረጴዛ ላይ ሲጽፍ ኖረ። እንግዲህ የኤልሣቤጥ ቤት ከባሮች ላብ ሲበላ፣ የሮበርት ቤት ግን ያንኑ እንጀራ እንቢ ያለ ቤት ነበር። የባንኩ ጸሐፊ ከደመወዙ እየቈጠበ ወደ 6,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ሰበሰበ፤ ሮበርትም ትምህርቱን ያገኘው ከማናቸውም ትምህርት ቤት ይልቅ ከነዚያ መጻሕፍት ነው። የወር ደመወዙን ተቀብሎ በመጽሐፍ መሸጫ በኩል በማለፉ የባለቤቱን ፊት ለማየት የሚፈራ አድማጭ ካለ በዚህ ይጽናና።

የሮበርት ዕድል ግን እንደ ኤልሣቤጥ አልተቃናም ነበር። በ1840 «ሶርዴሎ» የተባለውን ረጅም ግጥም ባሳተመ ጊዜ አንባቢው ሁሉ አልገባኝም አለ። የእኛ ሊቃውንት ሰሙን አልፈው ወርቁን መፈለግ የለመዱ ናቸው፤ የሎንዶን ሐያስያን ግን ሰሙም ጠፋብን ብለው መጽሐፉን ጣሉት። ስለዚህ በ1845 መጀመሪያ ሮበርት የ32 ዓመት ሰው ሆኖ ሳለ የሚኖረው በወላጆቹ ቤት፣ የሚበላውም ከአባቱ ገበታ ነበር። ከኤልሣቤጥ በስድስት ዓመት ያንሳል፤ በስም ያንሳል፤ በገንዘብም ያንሳል።

በእኛ አገር ቢሆን አማላጅ ሽማግሌ የምንለው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥም አልታጣም። ጆን ኬንየን የሚባል ቸር ባለጸጋ ለኤልሣቤጥ የሩቅ ዘመዷ፣ ለሮበርት አባት ደግሞ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነበር። ቀደም ብሎ ሮበርትን ወደ ዊምፖል መንገድ ሊወስደው አስቦ፣ በዚያን ቀን እርሷ ታማ ስለ ነበር ጕዳዩ ቀርቶ ነበር። የ1844ቱ መጽሐፏ በወጣ ጊዜ ኬንየን አንዱን ቅጅ ለሮበርት እኅት ሰጣት። ሮበርት በዚያው ዓመት መጨረሻ ከኢጣልያ ጉዞ ሲመለስ መጽሐፉን እቤት አገኘውና ማንበብ ጀመረ። ከግጥሞቹ አንዱ፣ ዝቅተኛ ትውልድ ያለው አንድ ባለቅኔ ለአንዲት ባላባት እመቤት የባለቅኔዎችን መጻሕፍት እያነበበላት በመጨረሻ ስለ መፋቀራቸው የሚተርክ ነው። ባለቅኔው ካነበበላት መጻሕፍት መካከልም ያ ሐያስያን የጣሉት የብራውኒንግ ስም ተጠርቷል። ኤልሣቤጥ ይህን የጻፈችው ሰውየውን ሳታየው፣ ድርሰቱን ብቻ አንብባ ነው። ቀድሞ ያነበበችው እርሷ ነበረች ማለት ነው።

ሮበርት ጥር 10 ቀን 1845 ብዕሩን አንሥቶ ጻፈላት። እዚህ ላይ ስለ ፖስታ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ያለ ፖስታው ይህ ታሪክ አይኖርምና። ቀድሞ በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ በርቀትና በገጽ ብዛት እየተቈጠረ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ሮውላንድ ሂል የተባለው ሰው ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ዋጋው ለአገሩ ሁሉ አንድ ፔኒ ሆኖ ላኪው እንዲከፍል የተወሰነበት ሥርዓት የተጀመረው ጥር 10 ቀን 1840 ነው። የሮበርት የመጀመሪያ ደብዳቤ የተጻፈው ከዚህ ቀን ልክ በአምስተኛው ዓመት ነው። በሎንዶን ከተማ ፖስተኛ በቀን ብዙ ጊዜ ይዞር ስለ ነበር ጠዋት የተጻፈ ደብዳቤ በዚያው ቀን መልስ ሊያገኝ ይችል ነበር። የመንግሥት ሥራ ማሻሻያ በሰው ጕዳይ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚያ ደብዳቤ ሮበርት ግጥሞቿን ከልቡ እንደሚወድ ነገራት፤ አመሰግናለሁ ብሎ ለመጨረስ ሳይሆን ስሕተት ፈልጎ ለመንቀፍ አስቦ እንደ ነበር፣ ነገር ግን እንዳልተቻለው ጻፈ፤ ወረድ ብሎም መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን እርሷንም እንደሚወድ ጨመረ። አይቷት የማያውቅ ሰው እንዲህ መጻፉ ድፍረት ነው። ኤልሣቤጥ በማግሥቱ ስትመልስ ይህን የመጨረሻውን ነገር እንዳላየች ሆና አለፈችውና፣ ስሕተቷን እንዲነግራት አጥብቃ ጠየቀችው። ለመገናኘትም ክረምት እንደሚዘጋት ገልጻ የጸደይን ወራት እንዲጠብቅ አሳሰበችው።

እነዚህን ደብዳቤዎች ወደ ቋንቋችን ለመመለስ የሚሞክር ሰው አንድ ችግር ይገጥመዋል። እንግሊዝኛ «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን አይለይም። በአማርኛ ቢሆን ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የተሻገሩበት ቀን በግልጥ ይታወቅ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ግን ይህን የምናገኘው ከአርእስቱ ነው። መጀመሪያ «ውድ ወይዘሪት ባሬት» ይላታል፤ ወራት ካለፉ በኋላ ወዳጄ ይላታል፤ በመጨረሻም ቤተ ሰቦቿ ብቻ የሚጠሯትን የቍልምጫ ስም ይዞ «ባ» ይላታል። ከወይዘሪት ባሬት እስከ «ባ» ያለው መንገድ ብዙ ወራት ፈጅቷል።

እስኪተያዩ ድረስ ባሉት አራት ወራት የጻፉት በአብዛኛው ስለ መጻሕፍት ነው። በተለይ ኤስኪሎስ የተባለው የጽርዕ ባለቅኔ ስለ ፕሮሜቴዎስ የደረሰውን ተውኔት ሲያወጡና ሲያወርዱ ቈዩ። ኤልሣቤጥ ይህን ተውኔት ቀድሞ ተርጕማ በ1833 አሳትማው ነበር፤ በኋላ ግን ሥራዋን ስለ ጠላችው በዚህ ጊዜ እንደ አዲስ ትተረጕመው ነበር። (በዚያ ተውኔት ውስጥ በፀሐይ ምንጭ አጠገብ ስለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦችና ኢትዮጵያ ስለምትባለው ወንዝ የሚናገር ቦታ አለ፤ ስለዚህ በዊምፖል መንገድ በተዘጋችው ክፍል ውስጥ የአገራችን ስም ቢያንስ በወንዝ ስም ተጠርቷል ማለት ነው።) ሮበርት ትርጕሟን አይቶ አሳቡን ሰጣት። እርሱም በበኩሉ ገና ያልታተሙትን ግጥሞቹን ላከላት፤ እርሷም የከበደውን ቦታ፣ ቃል የጐደለውን፣ አንባቢ የሚሰናከልበትን እየለየች ገጽ ሙሉ ማስታወሻ ጻፈችለት። በ1845 ኅዳር ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ብዙውን እንደ ምክሯ አርሞታል።

በእኔ አሳብ የጥያቄው መፍትሔ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍን የሚያመሰግን ሰው ብዙ ነው፤ ደራሲውም ምስጋናውን ሲሰማ የሚወደደው ስሙ እንደ ሆነ ይገባዋል። ከመስመር መስመር እየወረደ «ይህ ቃል እዚህ አልተስማማም» የሚል አንባቢ ግን ሌላ ነው። ለሶርዴሎ ደራሲ ሐያሲ ሁሉ «አልገባኝም» ሲለው፣ ገብቷት የትኛው ቦታ እንዳልገባት የምትነግረው ሴት ተገኘች።

ግንቦት 20 ቀን 1845 ሮበርት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዊምፖል መንገድ ሄደ። በክፍሏ ግድግዳ ላይ የታላላቅ ደራስያን ሥዕሎች ተሰቅለው ነበር፤ የእርሱም ከመካከላቸው ነበር። በዚያን ቀን የእርሱን ሥዕል አወረደችው፤ አድልዎ እንዳይመስልም የቴኒሰንን ሥዕል አብራ አወረደች። በቃል ከመነገሩ በፊት የልብን ነገር ከሚገልጡ ምልክቶች አንዱ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ነው።

ከዚህ ጕብኝት በኋላ የጻፈላት ደብዳቤ ነገሩን ሊያበላሸው ምንም አልቀረው። ፍቅሩን በግልጥ ተናገረ። እርሷ ደነገጠች፤ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ቢነሣ መገናኘታቸው እንደሚቀር አስታውቃ ደብዳቤውን መልሳ ላከችለት። እርሱም አቃጠለው። ሁለቱ ከጻፏቸው ደብዳቤዎች መካከል ልናነበው የማንችለው ያ የተቃጠለው ደብዳቤ ነው። ያስደነገጣት ክፋት አይደለም። ከእርሷ ውስጥ መልካም የሆነው ሁሉ በግጥሟ ውስጥ አልቋል፣ ከዚያ የተረፈው የታመመ አካልና ጨለማ ክፍል ነው ብላ ታምን ነበር። መጽሐፌን አንብቦ በአሳቡ የፈጠራትን ሴት እንጂ እኔን አልወደደም፣ ባወቀኝ ጊዜ ይነቃል ብላ ፈራች። ይህ ፍርሀት ሞኝነት አይደለም። ደራሲን በመጽሐፉ ወድዶ በአካል ሲያገኘው ያዘነ አንባቢ ከመካከላችን የማይታጣ ይመስለኛል።

ሮበርት ክርክር አልገጠመም። ወደ መጻሕፍቱ ወሬ ተመለሰና በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ኋላም ሁለት ጊዜ፣ አባትየው ለሥራ በሚወጣበት ሰዓት እየሄደ አጠገቧ ተቀመጠ። እያንዳንዱን ጕብኝት ከእርሷ በመጣው ደብዳቤ ፖስታ ላይ ቀኑን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደ ቈየና ስንተኛው ጕብኝት እንደ ሆነ ይመዘግብ ነበር። የባንክ ጸሐፊ ልጅ መሆኑ እዚህ ላይ ታየ፤ የትኛውም መዝገብ ቤት ከዚህ የተሻለ ፋይል ያለው አይመስለኝም። እስኪጋቡ ድረስ ቍጥሩ 91 ደረሰ። ዘጠና አንድ ጊዜ መጥቶ ያያት ሰው መጽሐፉን ብቻ ወደደ ሊባል አይቻልም። በዚያው ጊዜ ውስጥ እርሷም ደረጃውን በእግሯ መውረድ፣ ቀጥሎም በሠረገላ ወጥታ በዛፍ ሥር መራመድ ጀመረች።

በ1845 መከር ሐኪሞች ክረምቱን በሎንዶን እንዳታሳልፍ፣ ወደ ኢጣልያ ወደ ፒሳ ከተማ እንድትሄድ መከሩ። አባትየው አልፈቅድም አለ። ይህ ሰው ከልጆቹ ማናቸውም እንዲያገባ አይፈቅድም ነበር፤ ምክንያቱንም አይናገርም። ኤልሣቤጥ እስከዚያ ቀን ድረስ የአባቷን ጭካኔ የፍቅር ብዛት አድርጋ ትተረጕመው ነበር። ሕይወቷን ያተርፋል የተባለውን ጉዞ በከለከላት ጊዜ ግን ዐይኗ ተከፈተ። የልጁን መጽሐፍ ለማሳተም ገንዘብ የከፈለ አባት፣ መጽሐፉ ጠርቶ ያመጣውን እንግዳ ሊቀበል አልፈቀደም።

መስከረም 1846 አባትየው ቤቱ እንዲታደስ ስለ ፈለገ ቤተ ሰቡ ከሎንዶን እንዲወጣ አዘዘ። የሚቈይ ጊዜ አልነበረም። መስከረም 12 ቀን ኤልሣቤጥ ከሞግዚት ሠራተኛዋ ከዊልሰን ጋር በእግሯ ወጣች፤ በመንገድ ልትወድቅ ስትል መድኃኒት ቤት ገብታ የሚያነቃ ነገር አሸተተች፤ ከዚያም በሴይንት ሜሪልቦን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊሉ ተፈጸመ። ምስክሮቹ ዊልሰንና የሮበርት የአጎት ልጅ ብቻ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ የሄደችው ወደ ማን ቤት ይመስላችኋል? ጽርዕ አብሯት ያነበበ፣ ሂዩ ስቱዋርት ቦይድ የተባለ አንድ ዐይነ ስውር ሊቅ ነበር፤ ከእርሱ ዘንድ ዐረፍ ብላ እኅቶቿ መጥተው ወሰዷት። የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ወደ አባቷ ቤት ገባች። በቀሩት ሰባት ቀናት ሮበርት አንድ ቀን እንኳ አልመጣም፤ ደጅ ላይ ቆሞ «ወይዘሪት ባሬት አለች?» ብሎ ቢጠይቅ ውሸት ይሆንብኛል ብሎ ነው። መስከረም 19 ቀን ዊልሰንንና ፍለሽ የተባለውን ውሻዋን ይዛ ወጣች። ከጓዟ ውስጥ የሮበርት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ትቻቸው ለመሄድ አልቻልኩም ብላለች።

በኢጣልያ መጀመሪያ በፒሳ፣ ከ1847 ጀምሮም በፍሎሬንስ ተቀመጡ። በ1849 ወንድ ልጅ ወለዱ። የሚተዳደሩት በአብዛኛው በእርሷ ገንዘብ ነበር፤ ወሬ የሚወዱ ሰዎች ይህን አልረሱትም። በዚያው ዓመት በሉካ አጠገብ ባለች የፍል ውሃ መንደር ሳሉ፣ ኤልሣቤጥ በደብዳቤዎቹ ዘመን በስውር የጻፈቻቸውን 44 አጫጭር የፍቅር ግጥሞች ለሮበርት አሳየችው። አስቀድማ ያላሳየችው የራስን ፍቅር በግጥም ማውጣት ደግ አይደለም ሲል አንድ ቀን ስለ ሰማችው ነበር። እርሱ ግን ባነበባቸው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ለራሴ ብቻ ላስቀረው አይገባኝም አለ። በ1850 ከፖርቱጋል ቋንቋ የተተረጐሙ የሚያስመስል ስም ተሰጥቷቸው ታተሙ።

ስለነዚህ ግጥሞች አንድ የሚያምር ተረት ይነገራል። በ1847 በፒሳ ከቍርስ በኋላ ሮበርት በመስኮት ሲመለከት፣ ከኋላው መጥታ ወረቀቶቹን በኪሱ ከትታ ሮጠች ይላል። ሮበርት ራሱ የጻፈው ግን ነገሩ የሆነው በሉካ በ1849 መሆኑን ያስረዳል። ተረቱ ጕዳት ባላመጣ ነበር፤ ነገር ግን ቶማስ ዋይዝ የተባለ የታወቀ መጽሐፍ ሰብሳቢ በዚያ ላይ ተመሥርቶ በ1847 የታተመ የሚመስል ትንሽ መጽሐፍ ፈጠረ፤ ሀብታሞችም በብዙ ገንዘብ ገዙት። በ1934 ካርተርና ፖላርድ የተባሉ ሁለት ወጣት የመጽሐፍ ነጋዴዎች ወረቀቱን መርምረው፣ በ1847 ገና ያልተሠራ የወረቀት ዓይነት መሆኑን አስረዱ። መጽሐፍ መውደድ ሁሉንም ሰው ደግ እንደማያደርግ የዋይዝ ታሪክ ያሳየናል።

በትዳራቸው አለመስማማት አልነበረም ብሎ የሚጽፍ ይዋሻል። ኤልሣቤጥ ሙታን ሳቢዎችን ታምን ነበር፤ ሮበርት ይጸየፋቸው ነበር። ስለ ፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ስለ ሦስተኛው ናፖሌዎን አንስማማም እንደተባባሉ ቀሩ። ከባዱ ነገር ግን የአባቷ ዝምታ ነበር። ደጋግማ ትጽፍለት ነበር። በ1851 ወደ ሎንዶን በመጡ ጊዜ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ማኅተማቸው ሳይፈታ ተመለሱላት። አንዳንዶቹ ጥቁር ጠርዝ ባለው የኀዘን ፖስታ የተላኩ ነበሩ። ልጇ ሞቶ ይሆናል ብሎ እንኳ አልከፈታቸውም። በ1857 ሳይታረቃት ሞተ። ኬንየን ግን ከእርሱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ሲሞት ለሁለቱ 11,000 ፓውንድ ተናዘዘላቸው።

ኤልሣቤጥ ሰኔ 29 ቀን 1861 በፍሎሬንስ በባሏ ክንድ ላይ ዐረፈች። ሮበርት ልጁን ይዞ ወደ ሎንዶን ተመለሰና፣ በ1860 ከፍሎሬንስ ገበያ በአንድ ሊራ ከገዛው ያረጀ የፍርድ ቤት መዝገብ ተነሥቶ ስሙን ያስጠራውን ታላቅ ድርሰት በ1868ና በ1869 አወጣ። ሁለተኛ አላገባም። በ1889 በቬኒስ ሲሞት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በታላላቆቹ መካከል ተቀበረ።

ሮበርት በሽምግልናው ሌሎች ደብዳቤዎቹን እያወጣ አቃጥሏል። እነዚህን ግን በአንድ ሣጥን አድርጎ ለልጁ ተወለት፤ ልጁም በ1899 በሁለት ቅጽ አሳተማቸው። የሙታን ምሥጢር ለገበያ ወጣ ብለው የተቈጡ ሰዎች ነበሩ፤ ቍጣቸውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሆኖም እኔም እንደሌሎቹ አንብቤያቸዋለሁ። ዋናዎቹ ደብዳቤዎች ዛሬ የሚገኙት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ባለው በዌልስሊ የሴቶች ኮሌጅ ነው፤ ከ2012 ወዲህም ማንም ሰው በያለበት ሆኖ የእጅ ጽሕፈቱን በኮምፒዩተር ማየት ይችላል።

በዚያው ኮሌጅ ከደብዳቤዎቹ ጋር አንድ የእንጨት በር ተቀምጧል። በዊምፖል መንገድ ቍጥር 50 ከነበረው ቤት ተነቅሎ የመጣው በር ነው። ፖስተኛው የሮበርትን ደብዳቤ የሚያስገባበት የናስ ቀዳዳ እስካሁን አለበት። በየዓመቱ የካቲት 14 ቀን ተማሪዎቹ የራሳቸውን ደብዳቤ ጽፈው በዚያ ቀዳዳ ይጨምራሉ።